በሬው የበላው ቤት

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ታናሽ ወንድሜ ከሰሃላ ደወለልኝ። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ስለሚደውል ሁልጊዜ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሰላምታውን እንደ ወትሮው አላረዘመውም።

«እትዬ፣ የአያታችንን ቤት በሬው በላው» አለኝ።

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንደተናገረው ነው። በ2015 ክረምት ዝናብ ባለመዝነቡ ሰሃላ፣ ዝቋላና አበርገሌ በ2016 በድርቅ እንደተጎዱ አንባቢ ያስታውሳል። ሣር ጠፋ፣ ጭድ አለቀ፣ የወንድሜ ሁለት በሬዎች ከመቆም ወደ መተኛት ደረሱ። በዚህ ጊዜ የኛ አገር ገበሬ ቀና ብሎ የሚያየው አንድ የመኖ ጎተራ ይቀረዋል፤ እሱም የቤቱ ክዳን ነው። ወንድሜ የአያታችንን ባለ ደርብ ቤት ሣር በመንሽ እያወረደ፣ የጠቆረውን እየጣለ፣ ደህና ደህናውን ለበሬዎቹ ሰጠ። አንደኛው በሬ ሞተ፣ አንደኛው ተረፈ። በዓመቱ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ክዳን በሌለው ግንብ ላይ ወረደበት። በድንጋዩ መሀል ያለው ጭቃ ታጠበና በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ደርቡ ወለል ድረስ ተናደ።

«ምን ላድርግ?» ሲል የጠየቀኝ ይቅርታ እየለመነ አልነበረም። «ላፍርሰውና በድንጋዩ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ልሥራበት ወይስ?» ነው ያለኝ። ያቺ «ወይስ» ናት ዓመት ሙሉ ያንከራተተችኝ።

ቤቱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የዋግና የላስታ ሰው ከድንጋይ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ያለውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ያየ፣ ላሊበላም ሄዶ ክቡን ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ያየ ይህን ያውቀዋል። የኛም ቤት የዚያ ዘር ነው። ምድር ቤቱ ለከብት፣ ደርቡ ለሰው፤ መወጣጫው በውጭ በኩል የተገነባ የድንጋይ ደረጃ ነው። ግድግዳው ክንድ ከስንዝር ይወፍራል። ሰሃላ ቆላ ነውና በቀን ፀሐይ ሲያነድ ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ደግሞ ግንቡ የቀኑን ሙቀት ይመልሳል። እናቴ ሦስታችንንም የወለደችው በዚያ ደርብ ላይ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ከኔ ጋር ትኖራለች፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወጣም፣ ልቧ ግን በየቀኑ ይወጣል።

እንግዲህ ቤተሰቡ ለሦስት ተከፈለ። እናቴ «ይጠገን» አለች። ወንድሜ በግልጽ ባይናገረውም «ይፍረስ» የሚል ነው፤ አራት ልጆች አሉት፣ ክረምቱን ያሳለፉት ማድ ቤት ውስጥ ተኮራምተው ነው። ታናሽ እህታችን ደግሞ ዋሽንግተን ናት። እሷ ሦስተኛ ሐሳብ አመጣች።

«እኔ ያለሁበት ቤት እኮ ከኛ ቤት ብዙም አይበልጥም ዕድሜው» አለች። ዩ ስትሪት አካባቢ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከበዙበት 9ኛው መንገድ ብዙ ሳትርቅ፣ ቪክቶሪያን ከሚሏቸው ቀይ የሸክላ ቤቶች በአንዱ ፎቅ ተከራይታ ነው የምትኖረው። ቪክቶሪያን የሚለው ስም የመጣው ከእንግሊዟ ንግሥት ነው። እኛ ንግሥቲቱን የምናውቃት በሌላ በኩል ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም ደብዳቤ ጽፈውላት መልስ በማጣታቸው ተቀይመው ነገሩ መቅደላ ላይ አለቀ። ከመቅደላ በኋላ ደግሞ ዙፋኑን የያዘው የኛው የዋግ ሰው፣ ዋግሹም ጎበዜ፣ ንጉሠ ነገሥት ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነው። ስለዚህ «በቪክቶሪያ ዘመን» ስትለኝ የኔ ሐሳብ ወደ ዋሽንግተን ሳይሆን ወደ ሰቆጣ ነው የሄደው።

እህቴ ያወራችው ስለ ግብር ነበር። አከራይዋ የቤቱን መስኮትና ደረጃ ሲያድስ መንግሥት ከግብሩ እንደቀነሰለት ሰምታለች። እኔም ነገሩን ተከታትዬ አነበብኩ። አሜሪካኖች ይህን ማበረታቻ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ዛሬ በፌዴራል ደረጃ ያለው እንዲህ ይሠራል። ቤቱ በታሪካዊነት የተመዘገበ ወይም በተመዘገበ ታሪካዊ ሰፈር ውስጥ ያለ መሆን አለበት። ባለቤቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱን ያቀርባል፣ ሲጨርስም ይታይለታል። ለእድሳቱ ካወጣው ውስጥ 20 በመቶው ከሚከፍለው ግብር ላይ ይነሳለታል፤ ለምሳሌ 100,000 ዶላር ያወጣ 20,000 ዶላር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሕግ ይህ በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲሰጥ ስለተደረገ በየዓመቱ 4,000 ዶላር ይሆናል። ባለቤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ቤቱን ከሸጠው ወይም እንደገና ካበላሸው ያገኘውን እንዲመልስ ይጠየቃል።

እህቴ ያልሰማችው አንድ ነገር ነበር። ይህ የፌዴራሉ ቅናሽ የሚሰጠው ገቢ ለሚያመጣ ቤት ነው፤ ለሱቅ፣ ለሆቴል፣ ለኪራይ። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ከሆነ አያገኝም። አከራይዋ ያገኘው እሷ ኪራይ ስለምትከፍለው ነው። (ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «እንግዲያው ደረጃውን ያሳደስኩት እኔ ነኛ!» አለች።) አንዳንድ ክፍላተ ሀገር ግን ለመኖሪያ ቤትም የየራሳቸው ቅናሽ አላቸው፤ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሜሪላንድ አንዷ ናት።

ታዲያ እኛ አገርስ? ብዬ ተነሳሁ። በሙያዬ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አዋጅ ማንበብ ግን አያስፈራኝም።

ዋናው አዋጅ በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። ቅርስ የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ የግለሰብም ሊሆን ይችላል ይላል። ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ማደስ ወይም መጠገን ከፈለገም አስቀድሞ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከዚያ አንቀጽ 19 ላይ የሚያጽናና ነገር ይመጣል፤ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው ከፊሉን ለመሸፈን አስፈላጊውን እርዳታ ሊያደርግ ይችላል። «ሊያደርግ ይችላል» ነው የሚለው፤ «ያደርጋል» አይልም። በሒሳብ ሙያ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ገደል ያውቀዋል። የአሜሪካኑ ባለቤት ሁኔታውን ካሟላ ቅናሹን ቆጥሮ ይጠብቃል፤ የኛው ባለቤት ማመልከቻ ጽፎ ይጠብቃል።

ሕገ መንግሥቱንም ገለጥኩ። በአንቀጽ 40 መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ግንባታ የሰውየው ነው፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ የባህልና የታሪክ ቅርሶችን መንከባከብ የመንግሥት ኃላፊነት ነው። የግብር ሕጉን ሳይ ደግሞ ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የሒሳብ መዝገብ የማይዝ ቤት አከራይ ከጠቅላላ የኪራይ ገቢው 50 በመቶ ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና ተብሎ እንዲቀነስለት ይፈቅዳል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን አምና ለተሠራ የብሎኬት ቤትም፣ አያት ቅድመ አያት ለገነቡት የጥርብ ድንጋይ ቤትም እኩል ነው። የአሜሪካኑ ሕግ «አሮጌውን ብታድስ ይሻልሃል» ብሎ ሲያባብል፣ የኛው ለአሮጌና ለአዲስ አይለይም። ሰው ደግሞ ከሁለት እኩል መንገድ ቀላሉን ይመርጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ የማልፍባቸው ሰባራ የእንጨት በረንዳዎች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የመኳንንቱ፣ የነጋዴውና የአርመኑ ቤት የቀበሌ ሆነ። በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ብዙ አባወራ ገባ። ተከራዩ የሱ ስላልሆነ አይጠግንም፤ አከራዩም ከሚሰበስበው ትንሽ ኪራይ ጥገናው ስለሚበልጥበት አይጠግንም። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም በመሆኑ ተረፈ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴልም ቢሆን እንግዳ እያሳደረ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል፤ ጥር 2007 ዓ.ም የደረሰበት ቃጠሎ የስንቱን ሰው አንጀት እንዳቃጠለ የፒያሳ ልጆች ያውቃሉ። ሥራ ያለው ቤት ዕድሜ ያገኛል። ሐረርም ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ ስትመዘገብ፣ ከግንቡ ውስጥ ያሉት የሐረሪ ቤቶች ሰው የሚኖርባቸው፣ እናቶች ግድግዳቸውን በየጊዜው የሚቀቡላቸው ቤቶች ነበሩ። አንዳንዶቹም ዛሬ እንግዳ ያሳድራሉ።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ በስልክ አስረዳሁት። ሲሰማኝ ቆየና እንዲህ አለ፦

«ይመዝገብልን ብለን ብንጽፍ፣ እርዳታው እስኪመጣ ልጆቼ የት ይደሩ? ከተመዘገበ በኋላስ መስኮት ማስፋት ብፈልግ ሰቆጣ ወይም ባሕር ዳር ሄጄ ነው ማስፈቅደው?»

መልስ አልነበረኝም። ሆኖም ነገሩን ሳልሞክር ላለመተው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ጥሩ ሰው ናት፤ ፎቶግራፉን አይታ ከልቧ አዘነች። ከዚያ ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከዞን ደብዳቤ፣ የቤቱን ልክ የሚያሳይ ንድፍ ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። በጦርነቱ ጊዜ ስንቱ ወረቀት እንደጠፋ፣ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ገና መጠለያ ውስጥ እያለ ለአንድ ገበሬ ግድግዳ ደብዳቤ ጻፉልኝ ማለት ምን እንደሚመስል አስቡት። ወንድሜ ወረዳ ሄዶ ተሰልፎ አይቶ ተመለሰ። «ከፊቴ የነበሩት ዱቄት ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። አፈርኩ» አለኝ።

ስለዚህ በራሳችን አቅም ለመሥራት ወሰንን። እህቴ ዶላር ላከች፣ እኔ ዕቁቤን ቀድሜ ወጣሁ፣ ወንድሜ ጉልበትና ደቦ አዋጣ። ኅዳር ላይ እኔው ራሴ ሄድኩ።

ግንበኛው ሰባ የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አያታችን ቤቱን ሲያስጠግን በልጅነታቸው ጭቃ ያቀብሉ ነበር። እኔ በከተማ ብልጠት «ሲሚንቶ እናስመጣ፣ አንዴ ጠበቅ ይበል» አልኳቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ ይህ ግንብ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ አፉን ብትዘጊበት ውኃው በውስጥ ይቀርና ሆዱን ያሳብጠዋል» አሉ። በኋላ ሳነብ የተማረውም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ጎንደር ፋሲል ግቢ በጣልያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግኖ ነበር፤ ያ ሥራ እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ኋላ በዩኔስኮ እገዛ በተደረገው እድሳት በኖራ ተተካ። ሽማግሌው ፋሲልን አይተው አያውቁም።

የተናደውን ድንጋይ ከማንሳታችን በፊት ወንድሜ በከሰል ቁጥር ጻፈባቸው፤ የማዕዘኖቹና የመስኮቱ ደፍ ድንጋዮች በተለይ። (ይህን የመሰለ ሥራ የሚጀምር ካለ መጀመሪያ በስልኩ ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ያንሳ። እኛ ሁለት ቀን የተከራከርንበትን የደረጃውን ሦስተኛ ድንጋይ የፈታልን የእህቴ የሠርግ ፎቶ ነው።) ጭቃው ከምስጥ ኩይሳ በተቆፈረ አፈር ተቦካ፤ ጭድ ገብቶበት፣ በየቀኑ እየተረገጠ እስኪሸት ድረስ ሁለት ሳምንት ቆየ። ያልሸተተ ጭቃ ይሰነጠቃል አሉ። በቀን ከጉልበት በላይ አይገነባም፤ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛው ከተጫነበት ይንሸራተታል። እኔ የአሥር ቀን ፈቃድ ይዤ ሄጄ አንዱንም ግድግዳ ሳላይ ተመለስኩ።

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ልጨምር። የደርቡን ወለል የተሸከሙት የወይራ አግዳሚዎች ከሁለቱ በቀር ደህና ነበሩ፤ ሁለቱን ምስጥ ውስጥ ውስጡን በልቷቸዋል። ሽማግሌው ምክንያቱን ወዲያው ተናገሩ። ምድጃው ከቤት ወጥቶ ለብቻው ማድ ቤት ከተሠራ ወዲህ ጭስ የለም። ጭሱ ለእናታችን ዓይን ጠላት፣ ለእንጨቱ መድኃኒት ነበር። ወንድሜ ምድጃውን ወደ ቤት አልመልስም አለ፤ ልክ ነው። የእንጨቶቹን ጫፍ ግን የተቃጠለ ዘይት ቀባናቸው።

ትልቁ ጠብ የመጣው በክዳኑ ነው። እናቴ ሣር ይሁን አለች፤ ሽማግሌውም ከሷ ጋር ሆኑ። ሣር ቀዝቃዛ ነው፣ መልኩም እሱ ነው። ወንድሜ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሣር የት አለ? ቢገኝስ በሚቀጥለው ድርቅ መልሼ ላወርደው ነው? ቆርቆሮ ካለበሳችሁልኝ አሸንዳ አደርግለትና ውኃውን በሮቶ አጠራቅማለሁ። ሚስቴ ውኃ ለመቅዳት ገደሉን ስትወርድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት ታውቃላችሁ?»

እኔ እዚህ ላይ አሜሪካኖቹን አሰብኩ። በእነሱ መመሪያ ያረጀ የቤቱ አካል ከተቻለ ይጠገናል፤ የግድ ከተለወጠም አዲሱ በመልኩ፣ በቀለሙ፣ ሲቻልም በዓይነቱ አሮጌውን መምሰል አለበት። ቆርቆሮ ያለበስን ለት 20 በመቶውን አጥተናል ማለት ነው። ግን መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ቧንቧ ከፍተው ውኃ ይጠጣሉ። ቤቱ የሚቆመው ወንድሜ ሲኖርበት ነው፤ ወንድሜ የሚኖርበት ደግሞ ውኃ ሲያገኝ ነው። ከእሱ ጋር ቆምኩ። እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ቆርቆሮው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ተመታ፤ ከሥሩ ሙቀቱን እንዲከላከል የሸንበቆና የጭቃ ኮርኒስ ገባበት። የግንቡ አናት ዙሪያውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከደነ፤ ክዳኑ አንድ ቀን ቢነሳ እንኳ ጭቃው ወዲያው እንዳይታጠብ ነው። ደረጃው ቁጥሩን ጠብቆ ተመለሰ። ምዕራቡ ግድግዳ ትንሽ ሆዱ ገፋ ብሏል፤ ሽማግሌው አሮጌውም እንደዚያው ነበር ይላሉ፣ እኔ አላምናቸውም። ልጆቹ ደርቡ ላይ ይተኛሉ። በሬው ከሥራቸው ነው።

ለምዝገባው የጠየቁኝን ንድፍ አንድ የሥነ ሕንፃ ተማሪ በነፃ ሠራልኝ፤ የወረዳው ደብዳቤም ዘግይቶ መጣ። ማመልከቻውን ከነቆርቆሮው ፎቶ አስገብቻለሁ። ምን እንደሚሉኝ ገና አልሰማሁም።

በሰኔ አንድ ምሽት ወንድሜ ደወለ። ኮረብታው ላይ እንዳልሆነ በድምፁ አወቅሁ፤ ደርቡ ላይ ሆኖም ከመስኮቱ አጠገብ ኔትወርክ እንደሚገባ ልጁ አግኝቶለታል። «እማዬን ስጫት» አለኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። አንዲት ቃል አላወራም፤ የሚሰማው ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ብቻ ነበር። እናቴ ብዙ አዳመጠችና «ምን ይጮኻል ይሄ!» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ሮቶው ሞላ ወይ በለው» አለችኝ።